ሳትሰጣት አትጥራት

እንቅልፍ ከባህረዲን ጋር ከተኳረፈ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኗል፣ የሳን ሊያንድሮ ፀሐይ በመጋረጃው ቀዳዳ ገብታ ግንባሩ ላይ ተቀምጣለች፣ ከሕንፃው ጀርባ ባቡሩ፣ ባርት፣ እየጮኸ ያልፋል፣ እሱ በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ድሮ ይህ ሰዓት የእንቅልፉ አናት ነበር። ከሰዓት በኋላ ገብቶ እኩለ ሌሊት የሚወጣ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ጠዋቱን ካልተኛ መቼ ሊተኛ ነው። አሁን ግን ሥራም የለ፣ እንቅልፍም የለ፤ ሱፐርቫይዘሩ እናቱ መሞቷን ሲሰማ ፎርም አስሞልቶ የሦስት ቀን ፈቃድ ሰጥቶታል። ለእናት ሦስት ቀን። ፎርሙ ላይ የሞተችበት ቀን የሚል ባዶ ቦታ ነበረበት፣ ባህረዲንም የነገሩትን ቀን በትልልቅ ፊደል ጻፈበት። ቀኑ ውሸት መሆኑን ያወቀው ፎርሙን ካስረከበ በኋላ፣ ትናንት ማታ ነው። እስካሁን አላለቀሰም። መጀመሪያ ስለደነገጠ ነው አለ፣ አሁን ደግሞ ለየትኛው ቀን እንደሚያለቅስ አያውቅም።

ያለፈው ቅዳሜ ማለዳ ነው፣ በር ይንኳኳል፣ ይከፍታል። አምስት ወንዶች ቆመዋል፣ ሁሉንም ከመስጊድ ያውቃቸዋል፣ ፊት የቆመው አብዱራሕማን ነው፣ ባለታክሲው፣ ኦክላንድ ያለውን የወሎ ሰው ሁሉ የሚያጋባውም የሚያስታርቀውም እሱ። አበሻ በማለዳ አምስት ሆኖ በር ካንኳኳ ለቁርስ እንዳልመጣ ማንም ያውቃል። «ሱብሂ ሰገድክ?» አለው አብዱራሕማን። ሰግጃለሁ አለ። ተቀመጡ፣ ነገሩን ከሩቅ ጀመሩት፣ ስለ ሰው ልጅ ሁሉ መንገድ፣ ስለ ሰብር፣ ስለ መቻል፣ ባህረዲን ግን ቀድሟቸው ደርሶ ነበር፣ እናቴ ናት ወይ አለ፣ አንገታቸውን ደፉ። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። መቼ ነው ሲላቸው አብዱራሕማን ሰሞኑን ነው፣ በዒድ ማግስት ነው አለ፣ የቀሩት አራቱም ምንጣፉን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ ጥግ ላይ ብርድ ልብስ ከተከናነበው የሽቦ ቤት ውስጥ የውኃ ጡጦው ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። አንደኛው ምንድን ነው ብሎ ዞር አለ። ማሞቂያው ነው አለ ባህረዲን። እናቱን በተረዳበት ደቂቃ ዋሸ። ምን ያድርግ፣ መካ ውስጥ እንኳ ቢገኙ ይገደሉ ከተባሉት ፍጥረቶች አንዷ አይጥ ናት፣ እሱ ደግሞ አይጥ ይቀልባል፣ ይህንን በመርዶ ቀን ለአምስት ሰጋጅ እንዴት ብሎ ያስረዳል።

አይጧ ቤቱ የገባችው በይሉኝታ ነው። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዘጠኝ፣ ሰኔ ላይ፣ ትምህርት የሚዘጋበት ዓርብ። የሳይንስ አስተማሪዋ፣ ፀጉሯ ነጭ፣ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ስሙን ሳትቆርጥ የምትጠራው ብቸኛ ሰው፣ ኮሪደሩን ሲወለውል አገኘችውና ሁለት የክፍል አይጦች እንደነበሯት፣ አንዷ ሚያዝያ ላይ እንደሞተች፣ የቀረችውን የሚወስድ ወላጅ እንደጠፋ አጫወተችው፣ አንተስ ትወስዳት እንደሆነ ብላ ጠየቀችው። ባህረዲን ያደገው አሮጊት የለመነችህን በመጀመሪያው ቃል እምቢ በማይባልበት ቤት ነው። «እሺ፣ ምንም ችግር የለም» አላት፣ እሷ እንደ ወጉ አይ አላስቸግርህም ልትል፣ እሱ ኧረ ምን ችግር አለው ሊል፣ እሷ በፍጹም አይሆንም ልትል፣ በዚሁ ተከባብረው ሊለያዩ። ሴትየዋ ወጉን ከየት ታምጣው። እጁን በሁለት እጇ ይዛ አመሰገነችው፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላም የሽቦ ቤቱ፣ አንድ ከረጢት መኖ፣ ብጥስጣሽ ወረቀት የሞላው ካርቶንና ሁለት ገጽ መመሪያ የኮሮላው የኋላ ወንበር ላይ ነበሩ። መንገዱን ሁሉ በመስታወት ወደ ኋላ እያየ ነዳ፤ ጥቁርና ነጭ የሆነች፣ ጭራዋ የረዘመ አይጠ መጎጥ በሁለት እግሯ ቆማ ፍሪዌዩን ትመለከታለች። ልጆቹ ፔፐር ይሏት ነበር። እሱ እሜቴ አላት፣ ከገባችበት ሰዓት ጀምሮ ክፍሉን እንደ አከራይ ትመረምር ስለነበር።

መመሪያውን ዲክሽነሪ አጠገቡ አድርጎ አነበበው። ሳንባዋ ስስ ነው፣ የጥድ ፍርፋሪ አታንጥፍላት ይላል። ውኃዋን በየቀኑ ቀይር፣ ቤቷን በየሳምንቱ እጠብ። ከመኖዋ ሌላ እህል፣ ጎመን፣ ትንሽ ፖም ስጣት፣ ምን እንደምታበላት ግን ተጠንቀቅ፣ አይጥ የበላችው ቢጎዳትም ማስመለስ አትችልም። በጭራዋ አታንሳት። እጅህን አስገብተህ ጠብቅ፣ እሷ ትምጣ እንጂ አንተ አትያዛት። ከዚያ ሥልጠናው፤ አንድ ድምፅ ምረጥ፣ ሁልጊዜ ያንኑ አሰማ፣ ስትመጣ የምትወደውን ስጣት። ሳትሰጣት አትጥራት። ይህችኛዋን አስተማሪዋ ከሥር ሁለት ጊዜ አስምራባታለች፣ በባዶ እጅ ከጠራሃት ድምፁን ማመን ትተዋለች ብላ። መጨረሻ ላይ ደግሞ በእስክሪብቶ፣ አይጥ ብቻዋን አትኖርም፣ ብቻዋን ከሆነች ትታመማለች፣ ጓደኛ ፈልግላት ይላል። ለኔስ ማን ፈለገልኝ ብሎ ነበር ያኔ፣ እየሳቀ።

በየጠዋቱ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፣ የሽቦውን በር ይከፍታል፣ መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቃል። ክንዱ ይደነዝዛል። እሜቴ ከጥግ ሆና ጢሟን እያንቀጠቀጠች ታየዋለች። በሦስተኛው ቀን የጣቱን ጫፍ አሸተተች። በአምስተኛው ቀን እጅጌው ውስጥ ገብታ ብብቱ ደረሰች፣ ያኔ ባህረዲን እንዲህ ያለ ድምፅ አለኝ ብሎ በማያውቀው ድምፅ ጮኸ፣ ተገኘም ከሌላው ክፍል እየሮጠ መጣ። ተገኘ የቤት ተጋሪው ነው፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ጴንጤ፣ የዕቃ መጋዘን ሠራተኛ፣ ግድግዳው ስስ ስለሆነ የአንዱን ጸሎትና የአንዱን ሶላት እየሰሙ አራት ዓመት አብረው ኖረዋል። አይጥ ሲያይ ፊቱ ይነጣል። ትውጣ ይለኛል ብሎ ሲጠብቅ ተገኘ በሩን ተደግፎ ትንሽ አሰበና፣ ትኑር፣ ምን ቸገረኝ፣ ታጫውትህ የለ አለ። ባህረዲን ያን ቀን ምን ዓይነት ሰው ሰጠኝ ብሎ አላህን አመሰገነ። አሁን ያንን ምስጋና መልሶ መውሰድ ያምረዋል።

አይጥ በእናቱ ቤት ሌላ ነገር ነበር። ሀይቅ ከተማ፣ እሱ የሰባት ዓመት ልጅ፣ እህቱ ራቢዓ ገና ጨቅላ፣ እናቱ ውኃ ወርዳ ስትመለስ ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ ጨርቁን ስትገልጥ የግራ እግሯን ትንሿን ጣት አይጥ በልቷታል። ራቢዓ ዛሬ ትልቅ ሴት ሆና፣ ኮምቦልቻ ቤት ይዛ፣ እናቷን አስታማ ቀብራ እንኳ ክፍት ጫማ አታደርግም። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቱና የአይጥ ዘር ደም ተቃቡ። ጎተራውን ትመርጋለች፣ ድመት ታረባለች፣ ወጥመድ ትዘረጋለች፣ እንዲያውም አንድ ጊዜ መስገጃዋ ላይ እንዳለች፣ ሶላቷን ከማሰላመቷ፣ ነጠላ ጫማዋን አንስታ አንዷን ከግድግዳው ጋር አጣብቃታለች። ስለዚህ ባህረዲን አይጧ በገባች በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ የስልክ ካርዱን ፍቆ ሲደውል ስለ አይጧ የነገራቸው ሆን ብሎ፣ እናቱን ለማስጮህ ነበር። አርባ ሁለት ዓመት ሆኖትም እናቱ ስትቆጣው ደስ ይለዋል።

የእናቱ ጆሮ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖ ነበር። ስልኩን የምትይዘው ራቢዓ ናት፣ እሱ ይናገራል፣ ራቢዓ ጮክ ብላ ለእናቷ ትነግራለች፣ የእናቱ ድምፅ ከጀርባ ይሰማል፣ ካልተሰማው ራቢዓ ታቀብለዋለች። በዚያ እሑድ ከጀርባ ምንም አልመጣም። ጉንፋን ጉሮሮዋን ዘግቷታል አለችው፣ የራቢዓም ድምፅ ጎርንኖ ነበር፣ እሷንም ይዟታል ማለት ነው አለ በሆዱ። ስለ አይጧ፣ ስለ አስተማሪዋ፣ ስለ ይሉኝታው ነገራት፣ ራሱም እያወራ ሳቀ። ራቢዓ ዝም አለች። ቆይታ፣ «እማ ምን አለች መሰለህ፣ እሷም የአላህ ፍጥረት ናት፣ እጅህ ላይ ከወደቀች አትበድላት አለች» አለችው። ባህረዲን ስልኩን ይዞ ሳቁን አቋረጠ። እናቴ? አለ። አዎ አለች ራቢዓ። ልቧ ራርቷል ማለት ነው፣ እርጅና ደጉ። ለተገኘ ነገረው። ተገኘ ሰማና ወደ ማድቤት ገብቶ ሳህን ማጠብ ጀመረ፣ ሳህኑ የታጠበ ነበር።

የሚቀጥለው እሑድ እሜቴ ዓይኗ ሥር ቀይ ነገር ወጥቶባት ነበር፣ ደም አለቀሰች ብሎ ነው የደወለው። መመሪያው ደም አይደለም፣ ስትጨነቅ ከዓይኗ የሚወጣ እንባ ነው፣ ቀለሙ ነው እንዲህ የሆነው ይላል፣ እሱ ግን ወረቀቱን ከማመን እናቱን መጠየቅ ይቀለዋል። ራቢዓ ጮክ ብላ ለእናቷ ነገረች፣ ከዚያ፣ «ጓደኛዋ ሞታባት ነው ትልሃለች። ታልቅስ፣ አትከልክላት።» በሦስተኛው እሑድ ገብስ ቆልተህ ስጣት ትልሃለች፣ ጨው ሳታስነካ። ቆላ። እሜቴ ገብሱን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደ ሽማግሌ አጎንብሳ፣ እየፈለፈለች በላች፣ ከዚያ ወዲያ ፖምም ጎመንም ዞር ብላ አታይም። ሥልጠናው በዚያ ገብስ ተጀመረ። ምላሱን ከላንቃው እያላቀቀ ጧ ጧ ያደርጋል፣ ስትመጣ አንድ ፍሬ። ካልጋ ሥር ትመጣለች፣ ከጫማ ውስጥ ትመጣለች፣ ጉልበቱ ላይ ትወጣለች፣ ቁሚ ሲላት ትቆማለች፣ ጣቱን ሲያዞር ትዞራለች። ሐምሌ ሳይጋመስ ክንዱ ላይ ተኝታ ጥርሷን ማፋጨት ጀመረች፣ ዓይኗ እየተንቀጠቀጠ፣ ሊያማት ነው ብሎ ሲደነግጥ ወረቀቱ ደስታ ነው አለው። አንድ ቀንም በባዶ እጅ አልጠራትም። የእናቴ ገብስ ይለው ነበር፣ ለራሱ፣ ጮክ ብሎ።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። በየሱጁዱ ያ ረብ እናቴን አሽርልኝ ይላል፣ ከመሬት በታች ላለ ሰው ጤና ይለምናል፣ ማንም ተው አይለውም። እግሯ ያብጣል ሲባል ሳን ሆዜ ድረስ ወርዶ በእሑድ ገበያ ውስጡ ፀጉር ያለው ለስላሳ ጫማ ገዛላት፣ ወደ አገር በሚሄድ ሰው ላከው፣ ራቢዓም ልኳ ነው፣ አድርጋው ግቢውን ዞረች አለችው። ግቢውን ዞረች! ረመዳን ገባ፣ መስጊድ ውስጥ ቀድሞ የማያውቁት ሁሉ አጠገባቸው ያስቀምጡታል፣ ጥሩ ጥሩውን ተምር ወደሱ ይገፋሉ፣ ሰዉ ምን ነካው፣ ወደዱኝ አለ። አብዱራሕማን ከኢፍጣር በኋላ ለሞቱ እናቶቻችን ብሎ ዱዓ ሲያደርግ ዓይኑ እሱ ላይ ነበር፣ ባህረዲንም ለሌሎች አዝኖ አሚን አለ። ለገዛ እናቱ ሳያውቅ አሚን ብሏል። ያቺ አሚን ትቆጠርለት እንደሆነ አያውቅም፣ የሚጠይቀው ሰውም የለም፣ መጠየቅ የሚችላቸው ሁሉ እዚያ ነበሩ።

ከቅዳሜ እስከ ሰኞ የያዘው አንድ ነገር ነበር። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ፣ ምግብ ተከማቸ፣ እሱ ጥግ ተቀምጦ፣ ቢያንስ ይህን ክረምት አብረን ነው ያሳለፍነው ይል ነበር። የሞተችው በዒድ ማግስት ነው፣ እስከዚያ ድረስ በየእሑዱ አውርተናል፣ ስለ እሜቴ ሁሉን ነገር ታውቃለች፣ ገብሱን የነገረችኝ እሷ ናት፣ ከእናቴ ደረት የወጣውን የመጨረሻ ደግ ቃል የሰማሁት እኔ ነኝ። ይህ ሐሳብ ለቅሶውን ሁሉ ተሸክሞለት ነበር። ሰኞ ማታ ሰው ሲያልቅ ተገኘ ገባና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ እጁን ጉልበቶቹ መሃል ከተተ። «ባህሬ፣ ከዚህ በላይ መያዝ አልቻልኩም» አለ። «እህትህ የደወለችው ጁን ላይ ነው። የቤቱን ስልክ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ አንተ ሥራ ነበርክ። ለአብዱራሕማን ኮል አደረግኩለት፣ ብቻውን ነው፣ ጾሙን በሰላም ይጨርስ፣ እስከዚያ ማንም እንዳይናገር አለ። እህትህም እሺ አለች። ሦስት ወር ሙሉ ፊትህን ማየት ከብዶኛል።» የትኛው ቀን አለ ባህረዲን። ተገኘ ቀኑን ያውቀዋል፣ ካላንደሩ ላይ ነጥብ አድርጎበታል። ረቡዕ ነበር። ባህረዲን ጣቱን አነሳና ቆጠረ፤ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። እሜቴ የመጣችው ዓርብ ነው።

እናቱ ስለ አይጧ ሰምታ አታውቅም። ይህቺ ናት ከትናንት ጀምሮ ሥጋው ውስጥ የገባችው። ሞትን መደበቅ ወግ ነው፣ ያውቀዋል፣ እሱም ለሌላ ሰው አድርጎታል፣ ለአንድ የሳን ፓብሎ ሰው የወንድሙን ሞት ሁለት ሳምንት ይዞበት አብሮት በልቶ ጠጥቷል፣ ያኔ ደግ ሥራ መስሎት ነበር። ለሰው ሲሆን ወግ ነው፣ ለራስ ሲሆን ክህደት ነው፣ ይህንንም አይክድም። ግን ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፣ የሞተችን ሴት ማናገር ሌላ ነው። የአላህ ፍጥረት ናት ያለው ማነው። ታልቅስ ያለው ማነው። ጫማውን አድርጎ ግቢውን የዞረው ማነው። ራቢዓ ከጀርባዋ ባዶ አልጋ አስቀምጣ፣ ለእናቷ የጮኸች መስላ ጮኻ፣ መልሱን ከኪሷ እያወጣች ሰጥታዋለች። አብዱራሕማን ራቢዓን ይጠራል፣ ራቢዓ አብዱራሕማንን ትጠራለች፣ የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ማለት ይሄ ነው። እሱን የቸገረው የእናቱ የመጨረሻ እውነተኛ ቃል የቱ እንደነበር ነው፣ ከረቡዕ በፊት ያለው እሑድ ምን አለችው? አያስታውሰውም፣ ካርዱ እያለቀ ነበር፣ ቸኩሎ ነበር፣ ስለ ዝናብ ሳይሆን አይቀርም። እውነተኛውን አላስታወሰም፣ ውሸቱን ግን ቃል በቃል ያውቀዋል። እናቱን ሁለት ጊዜ ነው የቀሙት።

ተነሳ። ወለሉ ላይ ተቀመጠ። የሽቦውን በር ከፈተና መዳፉን ዘረጋ፣ ገብስ የለበትም። ጧ ጧ አደረገ። እሜቴ ከመኝታ ጨርቋ ውስጥ ዱብ ብላ መጣች፣ መዳፉን አሸተተች፣ በጣቶቹ መሃል ፈለገች፣ ከላይም ከታችም አየች፣ ቀና ብላ ጠበቀችው። ምንም። ሄደች። እንደገና ጧ ጧ። መጣች፣ ቀስ ብላ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆማ አሰበች፣ ደግሞ መጣች፣ ደግሞ ምንም። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠራት ከጨርቁ ጢሟን ብቻ አወጣች፣ አየችው፣ መልሳ ከተተችው። አራተኛ ጠራት። ጨርቁ አልተንቀሳቀሰም። የሦስት ወር ሥራ በአምስት ደቂቃ ፈረሰ፣ እንዴት ቀላል ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፣ እሱ ሰው በበደለ አይጥ መታ። አፈረ። አርባ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው፣ ጠዋት በፀሐይ፣ ወለል ላይ ተቀምጦ አይጥ ፊት አፈረ።

ካርድ ፍቆ ደወለ። እዚያ ማታ ሁለት ሰዓት ነው። አሥራ አንድ ደቂቃ አለዎት አለች የካርዷ ሴትዮ። ራቢዓ አነሳች፣ ወንድምዓለም አለች፣ ድምፁን ሳትሰማ አወቀችው፣ መርዶውን ከሰማ ወዲህ ሲደውል ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰላምታ አልሰጣትም። ተገኘ ሁሉን ነግሮኛል አላት። ራቢዓ አላስተባበለችም፣ ሽማግሌዎቹ ናቸው አላለችም፣ ይህ ትንሽ ገረመው። ደቂቃው እየተበላ ነው።

«የአላህ ፍጥረት ናት ያለው ማነው?» አላት።

«እኔ።»

«አንቺ? አይጥ ጣትሽን የበላሽ?»

«የምልህ አጣሁ» አለች። «ከቀበርናት አራት ቀን ነው፣ ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፣ አንተ ደወልክና ስለ አይጥ ታወራለህ። ሳቅክ። ከሄድክ ወዲህ ስትስቅ ሰምቼህ አላውቅም። እማ አይሆንም ትላለች ብዬ ሳቅህን ላቋርጥ አቃተኝ።»

«ጓደኛዋ ሞታባት ነው፣ ታልቅስ ያልሽውስ?»

«እሱ የራሴ ነው» አለች። «አንተ ዘንድ ማልቀስ አልችል። ድምፄን ታውቀዋለህ።»

ባህረዲን ጨርቁን አየ፣ አሁንም አይንቀሳቀስም። ለራቢዓ ማዘን ጀመረና ተናደደ፣ ገና ሊታዘንላት አይገባም፣ ጫማው ልክ ነው ያለችው እሷ ናት፣ ሦስት ወር ለሙት ሺፋ ያስለመነችው እሷ ናት። ይቅር አላልኩሽም አላት። አውቃለሁ አለች። እንግዲያው አንድ ነገር ብቻ እውነት ንገሪኝ፣ ከዚያ የምትዪውን በዪ አላት። «እማ ሰምታ ቢሆን ምን ትል ነበር?»

መስመሩ ላይ የአገሩ ውሻ ይጮሃል፣ የሆነ በር ይዘጋል። ከዚያ ራቢዓ ትንፋሿን ሰበሰበችና፣ ድምፁ የሷ ሳይሆን፣ ያ ከጀርባ የሚመጣው፣ ጆሮው የደከመ ሰው ሁሉም ደንቆሮ መስሎት የሚጮኸው ጩኸት ሆኖ ወጣ፦ «አንተ ልጅ! የእህትህን ጣት የበላውን ዘር ነው ቁጭ ብለህ የምትቀልበው? ከነቤቷ አውጥተህ ወርውር! ካልወረወርክ ደግመህ እንዳትደውልልኝ!»

ይህቺ ናት። ይህቺ ናት እናቱ። ክረምቱን ሙሉ በየእሑዱ ሲያናግራት የነበረችው ደግ አሮጊት ማን እንደነበረች እንጃ፣ ይህቺ ግን፣ ጫማዋን ያነሳችው፣ የምትጮኸው፣ ይህቺ እሱን የወለደችው ናት፣ እሷ ናት የሞተችው። ባህረዲን አፉን በመዳፉ ያዘ። አልያዘውም። ለቅሶው ከሆዱ ተነስቶ መጣ፣ ተገኘ ከግድግዳው ማዶ ሰማ፣ በሩ ድረስ መጥቶ ሳይከፍት ቆመ፣ ኮምቦልቻ ላይ ራቢዓ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፣ አትችልም ያለችውን ለቅሶ። አንድ ደቂቃ አለዎት አለች ሴትዮዋ።

«ረቡዕ ስንት ሰዓት ነው?» አላት።

«ከዙህር በፊት። ዓስር ላይ ቀበርናት።»

«ነገ እደውላለሁ። ረቡዕን ከጠዋት ጀምረሽ ትነግሪኛለሽ። ምንም ሳትቀንሺ፣ ምንም ሳትጨምሪ።»

እሺ ስትለው ይሁን ሳትለው ተቆረጠ። ባህረዲን ስልኩን አስቀመጠ። ከዚያ ፊቱን በሸሚዙ ጠረገና ማድቤት ሄደ፣ ከጣሳው ገብስ ዘግኖ ተመለሰ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ገብሱን ከነገረችው ሰው ጋር ተጣልቷል፣ ገብሱ ግን ገብስ ነው። መጀመሪያ ፍሬዎቹን መዳፉ ላይ አደረገ፣ እጁን አስገባ፣ ከዚያ ነው የጠራት። ጨርቁ ዝም አለ። ደግሞ አልጠራትም። እሷ ትምጣ እንጂ አንተ አትያዛት ይላል ወረቀቱ፣ ክንዱ እየደነዘዘ ጠበቃት።